የሱፐርማን አወዳደቅ፦ ተከታታይ ፊልም ስለምን ይከስማል?

ልጆች ተረት ሰምተው ተረቱ ሲያልቅባቸው ‹‹ከዚያስ በኋላ?›› ብለው ይጠይቃሉ። ተራኪው ብልህ ከሆነ ሌላ ተረት ይጀምራል፤ ወይም ምሽቱ መግፋቱን አሳስቦ ልጆቹን ያስተኛል። የፊልም ንግድ ግን ገና ከልጅነቱ ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ አዘጋጅቷል፤ ይኸውም ያንኑ ጀግና፣ በዚያው ልብስና በዚያው ዜማ፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ መሸጥ ነው። ፈረንሳዊው የፊልም አዘጋጅ ሉዊ ፎያድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 እና በ1914 ‹‹ፋንቶማስ›› የተባለውን ወንበዴ በአምስት ፊልሞች አከታትሎ አቅርቧል። የሆሊውዱ ዩኒቨርሳል ኩባንያም በ1931 ‹‹ድራኩላ››ንና ‹‹ፍራንከንስታይን››ን አውጥቶ ባገኘው ትርፍ በመበረታታት፣ ለፍራንከንስታይን ፍጥረት በ1935 ሙሽራ፣ በ1939 ደግሞ ልጅ አመጣለት። በ1944 እና በ1945 ፍጥረቶቹ ሁሉ በአንድ ፊልም ውስጥ ተፋፍገው ታዩ፤ በ1948 ከሁለት ቀልደኞች ጋር ተሰልፈው የሳቅ መነሻ ሆኑ። በአሥራ ሰባት ዓመታት ውስጥ ፍርሃት የነበረው ወደ ፌዝ ተለወጠ።

ይህ ጉዞ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታይቷል። የመጀመሪያው ፊልም ይደነቃል፤ ሁለተኛው ይከተላል፤ ሦስተኛው ይደክማል፤ አራተኛው ይወድቃል፤ አምስተኛው ይሠራል ተብሎ ከተነገረ በኋላ ሳይሠራ ይቀራል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ዘወትር የሚሰጠው መልስ ‹‹ተመልካች ሰለቸ›› የሚል ነው። መልሱ ፈጽሞ ሐሰት ባይሆንም ጥፋቱን ሁሉ ቲኬት ቆርጦ በገባው ሰው ላይ የሚጥል በመሆኑ መመርመር ይገባዋል። ለምርመራውም ከሱፐርማን ፊልሞች የተሻለ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ አነሣሣቸውም አወዳደቃቸውም በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ተጠቃልሎ የሚታይ ነውና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የ130 ዶላር ጀግና

ሱፐርማን የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ልጅ ነው። በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ይኖሩ የነበሩ ሁለት ወጣቶች፣ ደራሲው ጄሪ ሲግልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር፣ ከምትፈርስ ፕላኔት ወደ ምድር ተልኮ በገጠር ያደገ፣ በከተማ ግን መነጽር አድርጎ ዓይን አፋር ጋዜጠኛ መስሎ የሚኖር ብርቱ ሰው ፈጠሩ። ጀግናው በ1938 ‹‹አክሽን ኮሚክስ›› በተባለው ባለሥዕል መጽሔት የመጀመሪያ እትም ላይ ወጣ። በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ትግሉ ከሌላ ዓለም ከመጡ ጭራቆች ጋር አልነበረም። ጉልበተኛውን፣ ጉቦኛውን ፖለቲከኛና ጦርነት እያስነሣ መሣሪያ የሚቸረችረውን ነጋዴ ነበር የሚያሳድደው፤ ይህንንም ነጋዴ ራሱ በለኮሰው ጦርነት ውስጥ ተራ ወታደር ሆኖ እንዲሰለፍ አስገድዶታል።

ሁለቱ ወጣቶች የዚህን ጀግና ባለቤትነት ለአሳታሚው ያስተላለፉት በ130 ዶላር ነበር። ጀግናው በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በየአሻንጉሊት መደብሩ ሚሊዮኖችን ሲያስገኝ ፈጣሪዎቹ በፍርድ ቤት ተከራክረው ተረቱ። ፊልሙ ሊሠራ ሲታሰብ ጉዳያቸው በጋዜጣ ተነሥቶ ሕዝብ ስላዘነላቸው፣ ዋርነር ኩባንያ በ1975 ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ እንዲከፈላቸውና ስማቸው ከሥራው ጋር እንዲጠራ ተስማማ። በዚያው ፊልም ላይ የጀግናውን አባት ሆኖ ለጥቂት ደቂቃዎች የሚታየው ማርሎን ብራንዶ ለሁለት ሳምንት ገደማ ሥራ 3.7 ሚሊዮን ዶላርና ከገቢው ድርሻ ተመድቦለታል። ይህ ንጽጽር ለቅሬታ ብቻ የተነሣ አይደለም። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች የአንድን ሥራ ዋጋ በምን ዓይን እንደሚመዝኑ ከመነሻው ያሳያል፤ ታዋቂው ስም ይከፈልበታል፤ ስሙን ያስገኘው ድካም ግን እንደ ነጻ ዕቃ ይቆጠራል።

የመጀመሪያው ፊልም ጉልበት

የፊልሙን መብት የገዙት አሌክሳንደር ሳልካይንድና ልጁ ኢልያ ነበሩ። እነዚህ ፕሮዲዩሰሮች ከዚያ ቀደም ‹‹ሦስቱ ሙስኬተሮች›› በሚል ለአንድ ፊልም ብለው ተዋንያኑን አስፈርመው፣ የቀረጹትን ለሁለት ከፍለው በ1973 እና በ1974 በመሸጣቸው ተዋንያኑ ከሰዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የተዋንያን ውሎች ውስጥ አንድ ቀረጻ ያለ ስምምነት ሁለት ፊልም እንዳይሆን የሚከለክለው አንቀጽ በእነርሱ ስም እስከ መጠራት ደርሷል። ለሱፐርማን ግን ዕቅዱን በግልጽ አስታወቁ፤ አንደኛውና ሁለተኛው ፊልም ጎን ለጎን ይቀረጻሉ። ተከታዩ ፊልም የመጀመሪያው ሳይታይ ግማሹ ተሠርቶ ነበር ማለት ነው።

አዘጋጁ ሪቻርድ ዶነር በሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ቃል ጽፎ ሰቅሎ እንደ ነበር ይነገራል፤ ትርጉሙም ‹‹እውነት መምሰል›› ነው። ተመልካች የሚበር ሰው አይቶ እንዳይስቅ ከተፈለገ፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ፣ ገጠሩም፣ የጋዜጣው መሥሪያ ቤትም፣ የኒው ዮርክ ጎዳናም፣ እውነተኛ መሆን ነበረበት። ጀግናውን እንዲጫወት የተመረጠው ክሪስቶፈር ሪቭ ገና 24 ዓመቱ የነበረ፣ በጁሊያርድ የትወና ትምህርት የተማረ፣ በሕዝብ ዘንድ ስሙ የማይታወቅ የመድረክ ተዋናይ ነበር። ሪቭ ገጸ ባሕርዩን በትከሻውና በድምፁ ለሁለት ከፈለው፤ ጎብጦ ሲናገር ጋዜጠኛው፣ ቀጥ ሲል ጀግናው ነው። ይህን የሚያደርገው የካሜራ ብልሃት ሳይሆን የቲያትር ሙያ ነው።

ፊልሙ በታኅሣሥ 1978 ወጣ። ወጪው ወደ 55 ሚሊዮን ዶላር ሲገመት በአሜሪካ ብቻ ወደ 134 ሚሊዮን አስገባ። ለበረራው ትዕይንት በኦስካር ልዩ ሽልማት ተሰጠው፤ የጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ እስከ ዛሬ ይታወሳል። የምስሉን ብርሃን የፈጠረው የካሜራ ባለሙያ ጄፍሪ አንስዎርዝ ግን ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በ1978 ሞተ። የትዕይንቱ ንድፍ አውጪ ጆን ባሪም በ1979 ተከተለው። ፕሮዲዩሰሮቹም በወጪና በጊዜ ምክንያት የተጣሉትን ዶነርን፣ ሁለተኛውን ፊልም አብዛኛውን ቀርጾ ሳለ አሰናብተው ሪቻርድ ሌስተርን ተኩ። ብራንዶ ከገቢው ድርሻ እንዳይከፈለው ሲባል የአባትየው ትዕይንት ከሁለተኛው ፊልም ወጥቶ ንግግሩ ለእናትየው ተሰጠ። ተንኮለኛውን ሌክስ ሉተርን የተጫወተው ጂን ሃክማን ያለ ዶነር አልመለስም በማለቱ የጎደለው በአምሳያ ተዋናይ ተሟላ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሁለተኛው ፊልም በ1981 በአሜሪካ 108 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ፕሮዲዩሰሮቹ ከዚህ የተማሩት ትምህርት ለኋላው ጥፋት መነሻ ሆነ። አዘጋጁ ተባሮ፣ ታላቁ ተዋናይ ወጥቶ፣ ሁለቱ ሊቃውንት ሞተው ሕዝቡ ከመጣ፣ ሕዝቡ የሚመጣው ለስሙ ነው አሉ። ያላስተዋሉት ነገር ግን ነበር። ተመልካች ወደ ተከታይ ፊልም ሲገባ የሚከፍለው ገና ላላየው ነው፤ የሚከፍለውም ያለፈውን አምኖ ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ፊልም ገቢ የሚመሰክረው ስለ መጀመሪያው ጥራት ነበር። የሁለተኛውና የሦስተኛው ጉድለት ደግሞ ሒሳቡ ቆይቶ፣ በሌላው ፊልም ላይ ይወራረዳል።

ቁልቁለቱ

ሦስተኛው ፊልም በ1983 ወጣ። ቀልደኛው ሪቻርድ ፕራየር ከጀግናው ጋር እኩል ቦታ ተሰጠው፤ የፍቅረኛዋን ሎይስ ሌንን ክፍል የምትጫወተው ማርጎት ኪደር ግን ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ታየች። በፊልሙ ውስጥ አንድ ጠንካራ ትዕይንት አለ፤ የተመረዘው ሱፐርማን ለሁለት ተከፍሎ፣ ክፉው ጀግናና ደጉ ጋዜጠኛ በብረታ ብረት ጓሮ ሲታገሉ የሚታይበት ነው። የቀረው ግን ከቀልድ ወደ ቀልድ የሚዘል ነው። ገቢው በአሜሪካ ወደ 60 ሚሊዮን ወረደ። በ1984 የጀግናው ዘመድ ታሪክ ‹‹ሱፐርገርል›› በሚል ወጥቶ 14 ሚሊዮን ገደማ ብቻ አገኘ።

እዚህ ላይ ከገንዘቡ ሌላ የድርሰት ችግርም እንደ ነበር መካድ አይገባም። ሱፐርማን ሁሉን የሚችል ጀግና ነው። በመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ የሚወዳት ሴት ስትሞትበት ምድርን ዙሮ ጊዜን ወደ ኋላ መልሷል። ሞትን የሻረ ጀግና በሚቀጥለው ፊልም ምን ይፈራል? ሁለተኛው ፊልም ለዚህ ጥሩ መልስ አግኝቶ ነበር፤ ጀግናው ስለ ፍቅር ብሎ ኃይሉን ተወ፤ በመተዉም ሌሎች ተጎዱ። ሦስተኛው ፊልም ግን ጥያቄውን ራሱን ሸሸው። ድራማ የሚኖረው ሰው ሊያደርገው የማይችለው ወይም ቢያደርገው ዋጋ የሚያስከፍለው ነገር ሲኖር ነው። ይህ ሲጠፋ የካሜራ ብልሃት ብቻውን ይቀራል፤ ብልሃት ደግሞ በሁለተኛ እይታ ይለመዳል።

የሰላም ፊልም በግማሽ ዋጋ

ሳልካይንዶች መብቱን ለካነን ኩባንያ ሸጡ። የካነን ባለቤቶች እስራኤላውያኑ የአክስትና የአጎት ልጆች ሜናሔም ጎላንና ዮራም ግሎቡስ በ1979 የከሰረ አነስተኛ ድርጅት ገዝተው፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓመት በደርዘን የሚቆጠሩ ፊልሞች የሚያመርት ተቋም አድርገውት ነበር። አሠራራቸው በካን የፊልም ገበያ ላይ ገና ያልተጻፈ ፊልም ማስታወቂያ ሥዕል አሳይቶ የየአገሩን መብት አስቀድሞ መሸጥና በዚያ ገንዘብ ሌላውን መሥራት ነው። ፊልም በዝቶ ገንዘብ ሲያጥር የአንዱ ፊልም በጀት ለሌላው ጉድጓድ መድፈኛ ይሆናል።

ሪቭ ከእንግዲህ ይህን ልብስ አልለብስም ብሎ ነበር። ካነን ግን ሁለት ነገር ፈቀደለት፤ አንደኛ፣ ማንም ገንዘብ ያልሰጠውን ‹‹ስትሪት ስማርት›› የተባለ ፊልም ሊሠራለት፣ ሁለተኛ፣ በአራተኛው የሱፐርማን ታሪክ ላይ ድምፅ ሊኖረው ተስማማ። ሪቭ የመረጠው ጉዳይ የኑክሌር ጦር መሣሪያ ነበር። በታሪኩ አንድ የትምህርት ቤት ልጅ ለሱፐርማን ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሁሉን የምትችል ከሆንክ እነዚህን ቦምቦች ስለምን አታስወግድም? ሲል ይጠይቀዋል። ጀግናው ከታላቅ ማመንታት በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ፊት ቀርቦ የዓለምን ሚሳይሎች በመረብ ሰብስቦ ወደ ፀሐይ ይወረውራል። ከዚያው እሳት ግን አዲስ ጠላት ይወለድበታል። በመጨረሻም ሰላም በሌላ ሰው ችሮታ የሚገኝ ስጦታ አለመሆኑን፣ ሕዝቦች ራሳቸው አጥብቀው ሊሹት እንደሚገባ ይናገራል።

ይህ የተከታታዩ ፊልም ሁሉ ትልቁ ጭብጥ ነበር። ሁሉን የሚችለውን ጀግና የማይችለው ነገር ፊት አቁሞታል፤ ሰውን ያለ ፈቃዱ ሰላማዊ ማድረግ አይችልምና። በ1938 ከመሣሪያ ነጋዴው ጋር የተጀመረውም ሙግት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። እንዲያው ‹‹የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች›› እንደሚባለው ሆነና፣ ካነን በዚያው ጊዜ የጀመራቸው ብዙ ፊልሞች ገንዘቡን ተሻሙት። በኋላ ከሠራተኞቹ እንደ ተገለጠው፣ ወደ 36 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል የተባለው በጀት ቀረጻው ሊጀመር ሲል ወደ 17 ሚሊዮን ተቆረጠ። የመጀመሪያው ፊልም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከዚህ ሦስት እጥፍ በላይ ወጥቶበት እንደ ነበር ማስታወስ ያስፈልጋል።

ቅነሳው በእያንዳንዱ ምስል ላይ ይነበባል። ኒው ዮርክ ላይ መቀረጽ የነበረበት የተባበሩት መንግሥታት ደጃፍ በእንግሊዝ አገር ሚልተን ኪንስ በተባለች አዲስ ከተማ፣ በባቡር ጣቢያ አካባቢ ተቀረጸ። ሪቭ በ1998 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የዚያን ቀን ሥራ በምሬት ያስታውሰዋል፤ ሕዝብና መኪና ሊያጥለቀልቀው የሚገባው ጎዳና በጥቂት አጃቢ ተዋንያን ብቻ እንደ ተሞላ ጽፏል። ጀግናው ወደ ካሜራው የሚበርበት አንድ ቀረጻ በፊልሙ ውስጥ ደጋግሞ ይታያል፤ ሌላ ለመቅረጽ ገንዘብ አልነበረምና። ፊልሙ ለሙከራ ታይቶ ሳይወደድ ሲቀርም 45 ደቂቃ ያህል ተቆርጦ ተጣለ። በዚህ ምክንያት የታሪኩ ማያያዣ ጠፋ፤ አንዲት ሴት ያለ ምንም ልብስና አየር ወደ ጠፈር ተወስዳ በሰላም ስትተነፍስ ትታያለች። ዶነር በግድግዳው ላይ የሰቀለው ቃል ከዚያ ቤት ወጥቶ ነበር።

ፊልሙ በሐምሌ 1987 ወጥቶ በአሜሪካ ከ16 ሚሊዮን ዶላር ያነሰ አስገባ። በ1978 ከ2 ዶላር ተኩል በታች የነበረው አማካይ የቲኬት ዋጋ በ1987 ወደ 4 ዶላር መጠጋቱ ሲታሰብ፣ የሸሸው የተመልካች ቁጥር የገንዘቡ አኃዝ ከሚያሳየው ይብሳል። ‹‹ሰዎች ስለ ጦር መሣሪያ መስማት አልፈለጉም›› ያሉ ነበሩ። ይሁን እንጂ ፊልሙ በወደቀ በአምስተኛው ወር፣ በታኅሣሥ 1987፣ ሬገንና ጎርባቾቭ መካከለኛ ርቀት የሚወነጨፉ ሚሳይሎችን የሚያስወግደውን ውል በዋሽንግተን ሲፈርሙ ዓለም በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ተከታትሏል። ውሉም በ2019 እስኪፈርስ ድረስ ከ30 ዓመታት በላይ ጸንቷል። ስለዚህ ሕዝቡ ጉዳዩን አልጠላም፤ የተጠላው ጉዳዩ የቀረበበት መንገድ ነው።

ያልተሠሩት ፊልሞች

ካነን አምስተኛ ፊልም አስቦ ነበር፤ ከአራተኛው ተቆርጦ የተጣለውንም ቅሪት ሊጠቀምበት አቅዷል። ይህ ሳይሆን ቀረ። የዚያው ኩባንያ ሌላ ሥራ የበለጠ ያስተምራል። ‹‹ማስተርስ ኦቭ ዘ ዩኒቨርስ›› የተባለው የ1987 ፊልም ካለቀ በኋላ ተንኮለኛው ከውኃ ውስጥ ራሱን አውጥቶ እመለሳለሁ ብሎ ይዝታል። ተከታዩ ታቅዶ፣ ልብስና ትዕይንቱም ተሰናድቶ ሳለ ገንዘብ ጠፋ። የተሰናዳው ሁሉ እንዳይባክን ተብሎ በ1989 ‹‹ሳይቦርግ›› ለተባለ ሌላ አነስተኛ ፊልም ዋለ። ለተመልካች የተገባው ቃል ተሰርዞ ለቃሉ የተሰፋው ልብስ ሌላ ሰው ለበሰው።

የሱፐርማን መብት ወደ ሳልካይንዶች ተመልሶ እነርሱም ተከታይ ፊልም አሰቡ፤ አልሠሩም። በ1993 ዋርነር መብቱን ጠቅልሎ ወሰደ። አዘጋጁ ቲም በርተንና ተዋናዩ ኒኮላስ ኬጅ ተመርጠው፣ ልብሱ ተለክቶ፣ የፊልሙ ጽሑፍ በተለያዩ ደራስያን እየተጻፈና እየተሰረዘ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ከፈሰሰበት በኋላ በ1998 ቆመ። ከአራተኛው ፊልም እስከ 2006 ድረስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሱፐርማን በሲኒማ ቤት አዲስ ፊልም አልነበረውም። ‹‹ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ›› የሚለው ተረት ለዚህ ዘመን ይስማማል።

በ2006 ብራያን ሲንገር ያዘጋጀው ፊልም ሦስተኛውንና አራተኛውን እንዳልነበሩ ቆጥሮ ከሁለተኛው ቀጠለ። በመላው ዓለም 391 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ለ2009 የታሰበው ተከታይ ግን ተሰረዘ። እዚህ ላይ ‹‹ተመልካች ሰለቸ›› የሚለው መልስ ይበልጥ ይናጋል፤ በ2005 ያው ዋርነር ያወጣው ‹‹ባትማን ቢጊንስ›› ከዚህ ያነሰ፣ 370 ሚሊዮን ገደማ አስገብቶ ሳለ ተከታይ ተፈቅዶለታል፤ ተከታዩም በ2008 ወጥቶ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። ልዩነቱ በወጪውና በተጠበቀው ላይ ነው። የባትማኑ ፊልም ወጪ 150 ሚሊዮን ሲሆን የሱፐርማኑ ከ200 ሚሊዮን ያልፍ ነበር። እንግዲህ ተከታይ ፊልም የሚሰረዘው ተመልካች በማጣት ብቻ አይደለም። ባለገንዘቡ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ያሰፈረው የምኞት አኃዝ ሳይሞላ ሲቀር፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የመጣለት ታሪክም ይቆረጣል። ሱፐርማን በ2013 በዛክ ስናይደር፣ በ2025 ደግሞ በጄምስ ገን አዘጋጅነት፣ በሌሎች ተዋንያን፣ ከሀ ተነሥቷል። ስለዚህ የጀግናው ስም አልሞተም ነበር፤ የደከመው እርሱን የተሸከመው ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ለፊልም ብቻ የሚሆን አይደለም። በማናቸውም ኪነ ጥበብ የመጀመሪያው ሥራ ከተመልካች ጋር እምነት ያኖራል። የሚቀጥለው ከዚያ እምነት እየቆነጠረ ይኖራል። የተቆነጠረው በአዲስ ድካም ካልተተካ፣ ሒሳቡ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ያን ጊዜም ዕዳው የሚወድቀው ባጎደለው ሰው ላይ ሳይሆን መጨረሻ በመጣው ላይ ነው። የካነን ፊልም የራሱን ጥፋት ብቻ አልከፈለም፤ የሦስተኛውንና የ‹‹ሱፐርገርል››ን ጭምር ከፍሏል። ከሁሉ የሚያሳዝነውም ከፊልሞቹ ሁሉ የሚናገረው ቁም ነገር የነበረው ያ ፊልም፣ የሚናገርበት አቅም ያልተሰጠው መሆኑ ነው።

ፊልሙ በወደቀበት ዓመት ኅዳር ወር፣ በቺሊ 77 የቲያትር ሰዎች የፒኖቼን አገዛዝ በመቃወማቸው እስከ ወሩ መጨረሻ አገር ለቀው ካልወጡ እንደሚገደሉ የሚዝት ደብዳቤ ደረሳቸው። ስደተኛው ቺሊያዊ ጸሐፌ ተውኔት አሪየል ዶርፍማን ሪቭ እንዲደርስላቸው ለመነው። ሪቭም ወደ ሳንቲያጎ በረረ። መንግሥት ባልወደደው ስብሰባ ላይ ከተዋንያኑ ጎን ቆመ፤ ሕዝቡም ‹‹ሱፐርማን መጣ›› ብሎ ተቀበለው። በዛቻው ቀን አንዳቸውም አልተገደሉም። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ቲኬት መሸጥ ያቃተው ስም፣ ያለ ካሜራ ብልሃትና ያለ ልብሱ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ገና ይታመን ነበር። ሪቭ በ1995 ከፈረስ ወድቆ ሰውነቱ ሽባ ሆነ፤ በ2004 እስኪሞት ድረስም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ተውኗል፤ ፊልምም አዘጋጅቷል።